ከኮርቻ ላይ የታየ አገር

ዓባይ ጀሪፍ ሲደርስ የኖረው ደፍርሶና ቀልቶ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከጎንደርና ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ ተራሮች የጠረገውን አፈር ተሸክሞ ይወርድና በካርቱም ደጃፍ፣ በግራና በቀኝ ዳርቻው ላይ ጥሎት ያልፋል። የጀሪፍ ጡብ ሠሪዎች ያንን ደለል በእበት ለውሰው፣ በፀሐይ አድርቀውና በእሳት ተኩሰው ለከተማዪቱ ቤትና አጥር ሲያበጁበት ኖረዋል። በዚህ ሰፈር የከረመ ኢትዮጵያዊ እንግዲህ፣ ያወቀውም ያላወቀውም፣ በአገሩ አፈር በተሠራ ግድግዳ ሥር አድሯል ማለት ነው።

አፈሩ በውኃ ሲወርድ፣ ሰው ደግሞ በየብስ የሚመላለስበት መንገድ አለ። ከካርቱም በዋድ መደኒ በኩል ወደ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት፣ ድልድዩን ተሻግሮ መተማ፣ ከመተማ ሽቅብ ወደ ጎንደር። መንገዱ የነጋዴ፣ የወታደር፣ የስደተኛና የቀን ሠራተኛ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ ወደ ስናር ሲወርድ በዚሁ አቅጣጫ አልፏል፤ ያየውንም በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ አስፍሯል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በመተማ ነው፤ ከተማዪቱም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። በ1984 እና በ1985 ድርቁና ጦርነቱ ያሳደዱት ሕዝብ፣ ከእርሱም ጋር ቤተ እስራኤላውያን፣ ወደ ገዳሪፍ ጣቢያዎች የወረዱት በዚሁ አካባቢ ቆላ አቋርጠው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ‹ዓ.ም.› ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2003 ግን በመንገዱ ላይ አዲስ ዓይነት መንገደኛ ታየ። ጥብቅ ልብስ የለበሰ፣ የራስ ቁር የደፋ፣ ከካይሮ ተነሥቶ ኬፕ ታውን ለመድረስ በገዛ ፈቃዱ የሚደክም ብስክሌተኛ። ‹ቱር ደ አፍሪክ› የተባለው ጉዞ በሄንሪ ጎልድና በማይክል ዴ ዮንግ አሳቢነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በዚያ ዓመት ነበር። ርዝመቱ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጊዜው አራት ወር ያህል ነው። ተጓዦቹ በጥር ወር ከግብፅ ይነሡ፣ ኑብያን አቋርጠው ካርቱም ይገቡ፣ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ይወጡና በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዱ ነበር። ድንኳንና ስንቅ የጫኑ መኪኖች ይከተሏቸዋል። የመጀመሪያው ዓመት ቡድን አፍሪካን በሰው ጉልበት ብቻ በፍጥነት በማቋረጥ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የመጡት ብስክሌተኞች፣ እንዲሁም ከቡድን ተለይተው ብቻቸውን ያለፉት፣ ስለ መንገዱ ማስታወሻና መጽሐፍ ጽፈዋል። ይህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ላይ ሲታይ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዘርፍ ሆኗል። በመንገዱ የሚያውቁት ሰዎች፣ በተለይም በሁለቱ አገሮች መካከል ኑሯቸውን ያቆሙ፣ ይህን ዘርፍ በጥሞና መርምረው ዋጋውን ቢተምኑ ተገቢ ነው። ጽሑፉ ስለ እነርሱ ደጃፍ ነውና።

የዘርፉ አያቶች በአፍሪካ ምድር ቀደም ብለው ይገኛሉ። ፖላንዳዊው ካዚሚዬዥ ኖቫክ በ1931 ከሊቢያ ተነሥቶ በግብፅና በሱዳን በኩል እስከ አህጉሩ ደቡባዊ ጫፍ ወርዶ ተመልሷል፤ አምስት ዓመት ፈጅቶበታል። የተጓዘውም በብስክሌት፣ በእግር፣ በፈረስ፣ በግመልና በታንኳ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለጋዜጦች እየጻፈና ፎቶግራፍ እየላከ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር፤ በተመለሰ በዓመቱ በ1937 ሞተ። ጽሑፎቹ ተሰብስበው በመጽሐፍ መልክ የወጡት በ2000 ነው። አየርላንዳዊቷ ዴርቭላ መርፊ በ1963 ከአውሮፓ እስከ ዴልሂ በብስክሌት ተጉዛ የጻፈችው መጽሐፍ በ1965 ታትሟል። እንግሊዛዊው አላስቴር ሃምፍሪስ ደግሞ በ2001 ከአገሩ ተነሥቶ በአራት ዓመት 74,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። ወደ ምሥራቅ ሊያቀና አስቦ ሳለ ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ ኢስታንቡል ላይ አቅጣጫውን ለወጠና በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በሱዳንና በኢትዮጵያ አድርጎ ኬፕ ታውን ደረሰ። የዚያ ጉዞ የመጀመሪያ መጽሐፉ ከዘርፉ ተነባቢ ሥራዎች አንዱ ነው። ብርታቱም ጀግንነት አለማስመሰሉ ነው፤ ተጓዡ መጠራጠሩን፣ መሰልቸቱን፣ ቤት መናፈቁን አይደብቅም።

የዚህ ጽሑፍ ዘርፍ የመጀመሪያ በጎነት የፍጥነቱ ልክ ነው። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ካርቱምን ለቆ አዲስ አበባ ሲወርድ ሁለት ከተሞች አየ እንጂ አገር አላየም። የአውቶቡስ ተሳፋሪም ቢሆን መጋረጃውን ጋርዶ ይተኛል። ብስክሌተኛ ግን መሬቱ ሲለወጥ በጉልበቱ ያውቀዋል። ካርቱም ከባሕር ጠለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ካርታ በቁጥር ይነግራል፤ ብስክሌተኛው በትንፋሹ ይከፍለዋል። ስለዚህ ከእነዚህ ጽሑፎች ደህና ደህናዎቹ ሌላ መንገደኛ ያላስተዋለውን ነገር በሚገባ ይዘዋል፤ ይኸውም አገር በአንድ ጊዜ አለመለወጡን ነው።

ከካርቱም ሲወጡ በጀዚራ የመስኖ ቦዮች ጎን ያለው ሜዳ ለጥ ያለ ነው። የስናር ግድብ በ1925 ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንግሊዞች ለጥጥ ብለው በገመድ የከፋፈሉት መሬት ነው። ከዚያ ወደ ገዳሪፍ ሲያቀኑ ጥቁሩ አፈር፣ ማሽላውና ሰሊጡ ይመጣል። ዛፍ ይሳሳል፤ ሰማይ ይሰፋል። ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት ሲቀርቡ ሜዳው ጉብታ ያበቅላል፤ የሣር ክዳን ያላቸው ክብ ጎጆዎች ይበዛሉ፤ ድንበሩ ሳይደረስ የቤቱ ቅርጽ አስቀድሞ ደጋውን ይመስላል። መተማ ላይ ገና ቆላ ነው፤ ሙቀቱም የእጣን ዛፉም የቆላ ናቸው። ከገንደ ውኃ በኋላ መንገዱ መጠምዘዝ ይጀምራል፤ ወደ ጭልጋ፣ ወደ አይከል ሲወጣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ማሽላው ለጤፍ ቦታ ይለቃል፤ ጋቢ የለበሰ ሰው ይታያል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወርዱ የፎገራ ሜዳ አለ፤ ጥንት የከብት ግጦሽ የነበረው ያ ረግረግ ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ ሩዝ ያበቅላል። ከዚያ ጎጃምን አቋርጦ ደጀን ላይ ምድሩ ይሰነጠቃል። ብስክሌተኛው ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ በ2008 በተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ዓባይን ተሻግሮ፣ በማዶ ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ካርቱም ላይ የተሰናበተውን ወንዝ ባሕር ዳር ላይ ሲወለድ፣ በረሓው ላይ ደግሞ ድንጋይ ሲቆርጥ አገኘው ማለት ነው። ይህን ትስስር አሳምሮ የሚያሳይ ገጽ የጻፈ ተጓዥ ምስጋና ይገባዋል፤ ከሁለቱ አገሮች የትኛውም የትምህርት ቤት መጽሐፍ መሬቱን እንዲህ ሳይቆርጥ አያሳይምና።

የዘርፉ ድካም የሚጀምረው መልክዓ ምድሩ አልቆ ሰው ሲመጣ ነው።

በብዙዎቹ ጽሑፎች ውስጥ ባለታሪኩ የጸሐፊው ገላ ነው። የዕለቱ ኪሎ ሜትር፣ የዳገቱ ከፍታ፣ የፈነዳው ጎማ፣ የታመመው ሆድ፣ የቆሰለው መቀመጫ በጥንቃቄ ይመዘገባሉ። ትንንሾቹ ከተሞች ግን ውኃና ሙዝ የሚገዛባቸው ማረፊያዎች ሆነው ይቀራሉ። ገዳሪፍ ‹ሙቀት› ናት፤ መተማ ‹ቪዛ› ናት፤ ገንደ ውኃ ‹ለስላሳ መጠጥ› ናት። ስለ ገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ፣ በመኸር ጊዜ ከደጋው ወርዶ በሱዳን እርሻ ላይ ስለሚያጭደው የቀን ሠራተኛ፣ በመተማ ሁለት ገንዘብና ሁለት ቋንቋ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሚመነዘሩበት ኑሮ የሚናገረው ጽሑፍ ጥቂት ነው። ይህ የእውቀት ማነስ ብቻ አይደለም፤ የአጻጻፉም ውጤት ነው። ታሪኩ ‹ደረስሁ› ለማለት የተሰናዳ ስለሆነ በመካከል ያለው ሁሉ እንቅፋት ወይም ስንቅ መሆኑ አይቀርም።

ከሁሉ የሚገርመው ብስክሌተኛው ሌላውን ብስክሌተኛ አለማየቱ ነው። ሱዳን ብስክሌትን የምታውቀው ከአትባራ የባቡር ሠራተኞች ጀምሮ ነው፤ የፈረቃ ሰዓት ሲደርስ የከተማዪቱን መንገድ የሚሞሉት ብስክሌቶች ስመ ጥር ነበሩ። በባሕር ዳር ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ይመላለሳል። ኢትዮጵያ በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር የብስክሌት ተወዳዳሪዎች አሰልፋ ነበር፤ ገረመው ደንቦባም ከእነርሱ አንዱ ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ብስክሌት በዚህ ምድር የሥራም የክብርም መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ በብዙዎቹ የጉዞ ጽሑፎች ውስጥ ግን ከውጭ የመጣ እንግዳ ብቻ የሚቀመጥበት ይመስላል። ከኋላው ሁለት ጀሪካን አስሮ ጎን ለጎን የሚሄደው ሰው ለፎቶግራፍ ይፈለጋል እንጂ ባልደረባ ተብሎ አይጠየቅም።

አሁን አንባቢን ወደሚያሳፍረው ጉዳይ መምጣት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ደጋ በብስክሌት ያለፉ ሰዎች ከጻፉት ውስጥ ሕፃናትንና ድንጋይን የማያነሣ ማግኘት ይከብዳል። ልጆች ‹ዩ! ዩ! ዩ!› እያሉ ይሮጣሉ፤ ብር ይጠይቃሉ፤ እስክሪብቶ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዴም ይወረውራሉ። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የሚያደርገው መካድ ነው። መካዱ ግን አያዋጣም። ብዙ ሰዎች፣ ሳይተዋወቁ፣ በተለያየ ዓመት አንድ ነገር ከመሰከሩ ነገሩ ሆኗል። ድንጋይ ያቆሰለው ሰው መቁሰሉን የመጻፍ መብት አለው፤ ‹እኛ እንግዳ ተቀባይ ነን› የሚለው መልስም የተፈነከተ ራስ አይጠግንም።

ሂሱ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ነገሩን አይተው ምን አደረጉበት? አብዛኞቹ ልጁን እንደ አየር ጠባይ ቆጥረውታል። በኑብያ ነፋስ አለ፤ በኢትዮጵያ ልጅ አለ። ነፋስ ስም እንደሌለው ልጁም ስም የለውም፤ ነፋስ ለምን እንደሚነፍስ እንደማይጠየቅ እርሱም አይጠየቅም። አንዳንዶቹ ደግሞ ከዚህ አልፈው ሁለቱን ሕዝቦች ያነጻጽራሉ። ሱዳናዊው በመንገድ ዳር በዚር ውኃ አስቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ያጠጣል፤ ሻይ ጋብዞ ገንዘብ አልቀበልም ይላል፤ ኢትዮጵያዊው ግን ይጮኻል፣ ይለምናል፣ ይወረውራል ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ በካርቱም የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ስለ ሱዳናውያን ቸርነት ከማንም በላይ ምስክር ነው። ማነጻጸሩ ግን ስሌቱን ስቷል።

በሱዳን በረሓና በገዳሪፍ ሜዳ ያለው መንገድ በሩቅ በሩቅ ከተራራቁ ሰፈሮች በቀር ባዶ ነው። እዚያ መንገደኛ ብርቅ ነው፤ ውኃም የሞትና የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ማጠጣት ሕግ ሆኗል። የኢትዮጵያ ደጋ መንገድ ግን ለነዋሪው መንገድ ብቻ አይደለም። ገበያተኛው፣ ተማሪው፣ ቀሳውስቱ፣ አህያው፣ ከብቱ፣ ለቅሶ የሚሄደው ሁሉ የሚውልበት የጋራ ግቢ ነው። ብስክሌተኛው በአንድ ቀን በበረሓ የሚያገኘው ሰው በጣት የሚቆጠር ሲሆን፣ በጎጃም መንገድ ላይ በአንድ ቀን ብዙ መቶ ሕፃናት ፊት ያልፋል። ከብዙ መቶ ሕፃናት ሦስቱ ቢወረውሩ የቀኑ ታሪክ የሦስቱ ይሆናል። ዘጠና ዘጠኙ እጅ የነሡበት ልጅ በማስታወሻ ደብተር ላይ ቦታ አያገኝም።

ሌላም ነገር አለ። ድንጋይ ለእረኛ ልጅ ቋንቋው ነው። ላም ከሰብል የሚመልሰው፣ ዝንጀሮ የሚያባርረው፣ ከጓደኛው ጋር የሚፎካከረው በድንጋይና በወንጭፍ ነው። በዚህ ዓለም ውስጥ በድንገት ባለ ቀለም ልብስ ለብሶ፣ ፊቱን በመነጽር ጋርዶ፣ ሳይወርድና ሳይሰላም የሚከንፍ ነገር ሲመጣ ልጁ የሚያውቀውን ቋንቋ ይናገራል። ይህ ጥፋቱን አያጸድቅም፤ አባቱ ቢያየው ይገርፈዋል። ጥፋቱ ግን ከየት እንደመጣ ያስረዳል። በደጋው ልማድ እንግዳ ማለት ደጃፍ ላይ ቆሞ ‹ቤቶች! የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ› የሚል ነው። ይህን ያለ ሰው ውኃ ተሞቆለት እግሩ ይታጠባል፤ መደብ ይለቀቅለታል። ቆሞ ያልተሰላመ ግን፣ የፈለገውን ያህል ከሩቅ ቢመጣ፣ እንግዳነቱ ገና አልተጀመረም። ከኋላው ስንቅና ድንኳን የጫነ መኪና የሚከተለው መንገደኛ ደግሞ የማንንም ደጃፍ ማንኳኳት አያስፈልገውም። ችግሩ የሰውየው ክፋት አይደለም፤ የጉዞው ስሪት ነው። ማንንም እንዳያስፈልግ ሆኖ የተሰናዳ ጉዞ ማንንም ሳይተዋወቅ ያልቃል።

ለዚህ ማረጋገጫ የምትሆነው ራሷ ዴርቭላ መርፊ ናት። እስከ ሕንድ በብስክሌት የሄደችው ይህች ሴት በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ብስክሌቷን አላመጣችም። ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥታ በትግራይ፣ በስሜን፣ በጎንደርና በላስታ በኩል እስከ አዲስ አበባ የተጓዘችው ‹ጆክ› ብላ ስም ካወጣችለት በቅሎ ጋር ነው። በ1968 ያሳተመችው መጽሐፍ ስለዚህ ጉዞ ነው። መጽሐፉ ነቀፌታ የለበትም ማለት አይቻልም፤ ሰዎችን ቸኩላ የፈረደችባቸው ቦታዎች አሉ። መንገድ ላይም ተዘርፋለች። ነገር ግን በቅሎ ሣር ይፈልጋል፤ ጭነት መራገፍ ይፈልጋል፤ ሲመሽም በረት ይፈልጋል። ስለዚህ ጸሐፊዋ በየማታው ሰው ቤት መግባት ግድ ሆነባት። ጢሱን፣ ቁንጫውን፣ ጠላውን፣ የሴቶቹን የሥራ ጫና፣ የባላገሩን ጥርጣሬ የምታውቀው በዚህ ምክንያት ነው። የተዘረፈችበት ምዕራፍ እንኳ ከብዙዎቹ የድንጋይ ምዕራፎች ይሻላል፤ ዘራፊዎቹ ሰዎች ሆነው ይታያሉና። ልዩነቱ በጸሐፊዎቹ ተሰጥኦ ብቻ የሚገለጽ አይደለም፤ የአንደኛዋ ኮርቻ ከሰው ቤት ያደርሳል፣ የሌሎቹ ኮርቻ ከሰው ቤት ያሳልፋል።

ይህን ሁሉ የሚለው ሂስ ግን ሊያልፈው የማይችል አንድ ጥያቄ አለ፤ መንገዱን የሚያውቁት ሰዎች ራሳቸው ምን ጻፉ? በአማርኛ የጉዞ ጽሑፍ እንግዳ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን ተልከው ሲመለሱ ‹ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን› የሚለውን መጽሐፍ አሳትመዋል። መርከቡን፣ ወደቡን፣ የተቀበላቸውን ሰው፣ የአገሩን ሥርዓት ለአገራቸው ሰው በሚገባ አስረድተዋል። እርሳቸው የሄዱት ግን በመንግሥት መልእክተኛነት ነው። ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም መልእክተኛ ይልቅ ብዙ አገር ያየው ስደተኛው ነው፤ ከሁሉ ያነሰ የጻፈውም እርሱ ነው።

ከመተማ እስከ ጀሪፍ ያለውን መንገድ የሄዱት ኢትዮጵያውያን ብዛት ከብስክሌተኞቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ብስክሌተኛው ሽቅብ የወጣውን እነርሱ ቁልቁል ወርደውታል፤ ለእርሱ ዳገቱ የጭንቁ ቦታ ሲሆን ለእነርሱ ጭንቁ የጀመረው ሜዳው ላይ ነው። እርሱ ድካሙን ገንዘብ ከፍሎ ገዝቶታል፤ ብዙዎቹ እነርሱ ደግሞ ከድካሙ ለመዳን ለደላላ ከፍለው ድካሙ አልቀረላቸውም። እርሱ ፓስፖርቱን መተማ ላይ ሲያስመታ ስለ ወረፋው ርዝመት ይጽፋል፤ ወረቀት የሌለው መንገደኛ ስለ ወረፋ አይጽፍም፤ በሌሊት ጫካ ለጫካ ሲሄድ ስላየው ኮከብም፣ በላንድክሩዘር ጀርባ ላይ ስለተደራረበው ሰውም፣ በገዳሪፍ ሰሊጥ አጭዶ ስላገኘው የመጀመሪያ ደሞዝም አልጻፈም። የጻፈም ካለ ለእናቱ በላከው ደብዳቤ ውስጥ ነው፤ በዚያም ላይ ክፉ ክፉውን ቆርጦ አስቀርቶታል። እናት እንዳታዝን ተብሎ የተቆረጠው ክፍል የአንድ ትውልድ የጉዞ ሥነ ጽሑፍ ነበር።

ስለዚህ የውጭ ብስክሌተኛ የአገራችንን መንገድ አሳንሶ ጻፈ ብሎ ማዘን ግማሽ ፍርድ ነው። ‹ያየ ይናገር፣ የነበረ ይመስክር› የሚለው ብሂል የሚያዘው ያየውን ዝም ማሰኘት አይደለም፤ የነበረው እንዲናገር ነው። ብስክሌተኛው ያየውን ተናግሯል፤ ጎዶሎም ቢሆን ተናግሯል። የነበሩት ገና አልመሰከሩም።

ምስክርነቱ ጊዜ የሚሰጥ ጉዳይም አልሆነም። በኅዳር 2020 በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲነሣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የትግራይ ሰዎች ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ በ1980ዎቹ ስደተኛ የተጠለለበት የኡም ራኩባ ጣቢያም እንደገና ተከፈተ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ደግሞ ካርቱም ራሷ የጦር ሜዳ ሆነች። ከዴምና ከጀሪፍ፣ ከሰሃፋም ሕዝብ ተነቀለ። ሱዳናዊውም ኢትዮጵያዊውም፣ ሌላ መሄጃ ያጣው ሁሉ፣ በዋድ መደኒና በገዳሪፍ አድርጎ ወደ ጋላባት ጎረፈ። ብስክሌተኞቹ በየዓመቱ በየካቲት ገደማ የወጡት ዳገት አሁን ፍራሽና ሕፃን የያዙ ሰዎች ወጡት። ድንበሩን ከተሻገሩት ሱዳናውያን ብዙዎቹ በኩመርና በአውላላ ጣቢያዎች ሰፈሩ፤ በዚያም ሰላም ስላላገኙ በግንቦት 2024 ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ ሰዎች ጣቢያውን ለቀው በእግር መንገድ ጀመሩ። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገዱን ከላይም ዘግቶታል። ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን በአንድ መሥመር ይነዳ የነበረው ጉዞ በዚህ ቦታ ላይ ተበጠሰ።

ይህ ሁኔታ የብስክሌተኞቹን ጽሑፍ ዋጋ ሳይታሰብ ከፍ አድርጎታል። ሰላማዊ በነበረበት ጊዜ እንደ ተራ የመንገድ ማስታወሻ ይነበብ የነበረው ገጽ አሁን ሰነድ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከመተማ እስከ አዘዞ መንገዱ ጠጠርና አቧራ እንደነበረ፣ በኋላ አስፋልት ሲለብስ ጎጆዎቹ ወደ መንገዱ ዳር እንደተጠጉ፣ ቆርቆሮ ሣርን እየተካ እንደመጣ፣ በገዳሪፍ መንገድ ዳር ዚሩ የት የት እንደተቀመጠ፣ የሻይ ሻጯ በርጩማ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደነበረ የሚያስታውስ ጽሑፍ ካለ ከእነዚህ ደብተሮች በአንዱ ውስጥ ነው። ኪሎ ሜትር የሚቆጥር ሰው አሰልቺ ቢሆንም ያየውን በቦታው ያስቀምጣል። ከተማ ሲፈርስ፣ ሰፈር ሲበተን፣ ‹በ63ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንዲት ሴት ቡና አፈላችልን› የሚል ዐረፍተ ነገር እንኳ ውድ ይሆናል። ስሟን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምን ያህል ይበልጥ ነበር።

እንግዲህ ለዘርፉ የሚሰጠው ፍርድ የተከፈለ ነው። መሬቱን ለማንበብ ከብስክሌተኞቹ የተሻለ አስተማሪ አልተገኘም፤ በአንድ ቀን ሰማንያና መቶ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ዓይን ለመልክዓ ምድር ልኩ ነው። ሰውን ለማንበብ ግን ያ ፍጥነት እንኳ በዝቷል። ከኮርቻ ወርዶ፣ መሪውን ይዞ ቆሞ፣ ‹እንደምን ዋላችሁ› ብሎ መልስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ያደረጉ ጥቂት ተጓዦች የጻፉት ገጽ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ይታወቃል፤ በዚያ ገጽ ላይ ልጆቹ ስም አላቸው፤ ድንጋይም የለም።

ሁለተኛው ወገን፣ ማለትም የነበሩት የሚጽፉት መጽሐፍ፣ ከወዴት እንደሚጀምር መንገዱ ራሱ ያመለክታል። ከጎንደር ወይም ከመተማ መጀመር የለበትም፤ ከጀሪፍ መጀመር ይችላል። ከዓባይ ዳር፣ ከጡቡ እቶን ጢስ፣ በጋራ ከተከራዩት ክፍል፣ ከእሑድ ቡና ላይ፣ አንዱ ‹አንተ ስንት ቀን ፈጀብህ?› ብሎ ሌላውን ከጠየቀበት ሰዓት። ያ ጥያቄ በየቤቱ ተጠይቋል፤ መልሱም በየቤቱ ተነግሯል። የተነገረበት ቤት በብዙ ቦታ ፈርሷል፤ ተናጋሪዎቹም ግማሾቹ ተመልሰው አገራቸው ገብተዋል፣ ግማሾቹ ወደ ሌላ ስደት አልፈዋል። ተናጋሪዎቹ በሕይወት ሳሉ ደብተርና ብዕር ካልተገናኙ ያ መንገድ ለተከታዩ ትውልድ የሚቀርለት በአላፊ አግዳሚ ብስክሌተኛ እጅ በተጻፈው መልኩ ብቻ ይሆናል።